ሩብ ሰዓት ቀድሞ የሚነሳ ሾፌር

ውዴ ታዴ፣

ለሄደ ሰው ሰላምታ እንዴት እንደሚጻፍ አላውቅም። ዕድሜዬን ሙሉ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ስጽፍ ኖሬ፣ ለአንተ ለመጻፍ ስቀመጥ እጄ ከልማዱ «ጉዳዩ» ብሎ ሊጀምር ነበር። ሳቄ መጣና ወረቀቱን ቀየርኩት። ከተለያየን ሰባት ዓመት ሞላን። ባለፈው ሳምንት ሰባት ዓመትህን አወጣን፤ ቂርቆስ ጸሎቱ ተደረገልህ፣ የእድሩ ድንኳን ተተከለ፣ የካዛንቺስ ሰው ሁሉ መጣ። ሁሉም በልቶ ጠጥቶ «ነፍስ ይማር» ብሎ ከሄደ በኋላ፣ የምነግርህ ነገር እንደቀረኝ ተሰማኝ። ይህን የምጽፍልህ ለዚያ ነው።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ስማ። ከፊት ለፊታችን የነበሩት ቤቶች ፈርሰው ሆቴል እየተሠራ ነው፤ ስምንተኛ ፎቅ ደርሷል፤ ጠዋት አራት ሰዓት ሳይሞላ ፀሐይ ግቢያችን አትገባም። አንተ ስትሄድ ተቆፋፍሮ የነበረው መንገድ አልቆ፣ በላንቻ በጎተራ በኩል አሁን ባቡር ይሄድበታል። ብታየው ትወደው ነበር፤ በራሱ መንገድ፣ ማንንም ሳይቀድም ነው የሚሄደው። እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ። ጉልበቴ ደረጃ አልወጣም ብሏል፣ አፌ ግን እንደምታውቀው ነው። የመሥሪያ ቤት ጓደኛዬ ዘይነብ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ደርሷት ገብታለች። ምድር ቤት ነው የደረሳት። ለዚያች እግሯ ታስቦ የተሰጣት ነው እያልን እንስቃለን፤ እሷም አብራን ትስቃለች።

ልጃችን ሄኖክ አግብቷል። ሚስቱ ማርታ ትባላለች፤ ዝምተኛ ናት፣ ነገር ግን ዝምታዋ የሚያስፈራ ዓይነት አይደለም። ልትወልድ ሦስት ወር ቀርቷታል፤ አንተም አያት ልትሆን ነው። ታዲያ ይህ ሁሉ ደስታ እያለ በቤታችን አንድ የማይነካ ነገር ነበር። ነጯ መኪናህ ሸራ ለብሳ ግቢው ጥግ ላይ ሰባት ዓመት ቆማለች። ጎማዋ ተንፍሶ፣ ድመት ኮፈኗ ላይ ወልዳ አሳድጋባታለች። ሄኖክን እንሽጣት ስለው እሺ አይልም፤ ንዳት ስለው ይነሳና ከቤት ይወጣል። ማርታ አንድ ቀን ምጥ ቢመጣብኝስ ማን ይወስደኛል ብላ እንደ ቀልድ ብትጠይቀው፣ ታክሲ አለ አላት። እንዲህ ብሏት አይኗን እንኳን አላየም። ልጃችን አንተን ካጣንባት ቀን ጠዋት ወዲህ መሪ ጨብጦ አያውቅም።

ለምን እንደሆነ አንተ አታውቅም፤ ቀድመህ ሄደሃል። እነግርሃለሁ። ግን ከራሴ ኃጢአት ልጀምር፣ የእሱ የሚገባህ በእኔ በኩል ነውና።

ለተዝካርህ የሚሆን ፎቶግራፍ ልፈልግ የብረት ሳጥንህን ከፈትኩ። መንጃ ፈቃድህ አለ፣ የጋብቻ ወረቀታችን አለ፣ የሄኖክ የክትባት ካርድ አለ። ከሁሉም ስር፣ አራት ላይ ታጥፎ ጠርዙ የተበላ ወረቀት አገኘሁ። ገልጬው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። የራሴ ቃል ነበር። «የሰርቪሱ ሾፌር አቶ ታደሰ ከመጠን ባለፈ ዝግታ እያሽከረከሩ ሠራተኛውን ለቀይ ፊርማ እየዳረጉ ስለሆነ፣ በሌላ ሾፌር እንዲተኩልን በአክብሮት እንጠይቃለን።» ከስሩ የሠላሳ አንድ ሰው ፊርማ። የመጀመሪያው የእኔ ነው፤ ያኔ ፊርማዬ ጅራት ነበራት።

ሃያ ዓመት አብሬህ ስኖር ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ መሆኔን አታውቅም ብዬ ነበር። ስንት ጊዜ ልነግርህ አስቤ ስንት ጊዜ ወጥ አማሰልኩ መሰለህ! አንተ ግን ወረቀቱን ከሽማግሌ መላክህ በፊት ጀምሮ ይዘኸው ኖረሃል። ማን እንደሰጠህ ለመገመት አይከብድም፤ መዝገብ ቤቱ የጋሽ በቀለ ነበር። አውቀህ አገባኸኝ። አውቀህ አንድ ቀን እንኳን፣ በጣም የተጣላን ቀን እንኳን፣ አላነሳህብኝም። እኔ ብሆን ኖሮ ታዴ፣ በጫጉላው ሳምንት ነበር የማነሳብህ።

ያን ጊዜ ሁለታችንም ልጆች ነበርን። ሰርቪሱ ጠዋት ከጎተራ ይነሳል፣ በቡልጋሪያ ሰፈር ዞሮ ላንቻ ሲደርስ እኔንና ዘይነብን ይጭናል፣ ከዚያ ካዛንቺስ መሥሪያ ቤታችን። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የፊርማው መዝገብ ይነሳል፤ ያረፈደ በቀይ ይፈርማል፤ ሦስት ቀይ የያዘ ደግሞ የክፍል ኃላፊው ቢሮ ይጠራል። አንተ ይህ ሁሉ የማይመለከትህ ሰው መስለህ ትነዳለህ። ዜብራ ስታይ ሰው ሳይኖር ፍጥነት ትቀንሳለህ። የቆመ አውቶብስ ስታልፍ እንደ ሌባ ቀስ ብለህ ነው የምታልፈው፤ ከፊቱ ማን እንደሚወጣ አይታወቅም ትላለህ። ከኋላ የማንልህ የለም። ቀብር ነው እንዴ የምትሸኘው፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፣ ኧረ ንካው፣ በቃ ንካው! አንተ በስፖኪዮው አየት ታደርገንና ሩብ ሰዓት ቀድማችሁ ውጡ፣ እኔም ሩብ ሰዓት ቀድሜ ልነሳ፣ ከዚያ ማንም አይረፍድም ትላለህ። ቀላል ነገር ነበር የጠየቅከን። ሠላሳ አንድ ሰው ሩብ ሰዓት እንቅልፉን ከሚሰዋ አንድ ሾፌር ቢቀየር ይሻላል ብለን ፊርማ አሰባሰብን።

ተሳካልን። አንተ ደብዳቤ ወደምታደርስበት ትንሽ መኪና ተዛወርክ፤ ለእኛ ሌላ ሾፌር መጣልን። ጀት አልነው። ጥሩ ልጅ ነበር፣ ተጫዋች፣ ሰው ማስቀየም የማይወድ። ክፋቱም እሱ ነበር፤ ንካው ሲሉት ይነካዋል። ሁለት ወር ሙሉ አንድም ቀይ ፊርማ አልነበረም። እኔማ ምስጋና ይገባኛል እያልኩ ስጎርር ነበር።

ያቺን ዝናብ የጣለባትን ጠዋት አንተ ከሰው ሰማህ እንጂ አልነበርክባትም። እኔ አርፍጄ ተነሳሁ። ጀት ደግ ስለሆነ ላንቻ ላይ እኔን ሲጠብቅ ቆመ። ሮጬ ስገባ ሰው ሁሉ አጉረመረመ፤ አፍሬ የሁሉንም ቁጣ ወደ እሱ ላዞር ከሁሉ ቀድሜ ንካው እንጂ ያልኩት እኔ ነኝ። የጠበቀኝን ሰው! ሌሎቹም ተከተሉኝ። እሱም ነካው። ጥቂት እንደሄድን ፊታችን ያለው መኪና ቆመ፣ ጀት ፍሬን ያዘ፣ እርጥቡ አስፋልት ግን አልያዘንም። ተንሸራተን ከመብራት እንጨት ጋር ተላተምን። አጠገቤ የነበረችው ዘይነብ ናት፤ በመስኮቱ በኩል እንድቀመጥ ብላ ቦታ ልትቀይረኝ ነበር፣ ደረቅ ልብስ ነው የለበስኩት፣ መስኮቱ ያንጠባጥባል ብዬ እምቢ ብያት ነበር። የእሷ እግር ሁለት ቦታ ተሰበረ። የእኔ አንድ ቁልፍ ከሹራቤ ወለቀ።

የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል። እኛ ያፈሰስነው ግን የሚለቀም አልነበረም፤ ዘይነብ እስከ ዛሬ ታነክሳለች።

ከዚያ ነው ሽማግሌ የላክንብህ። ሾፌር ሽማግሌ የተላከበት መሥሪያ ቤት ከእኛ በስተቀር ሰምቼ አላውቅም። ጋሽ በቀለ ሁለት ሰው አስከትሎ፣ ጋቢውን አጣፍቶ፣ ጋራዡ ድረስ መጣልህ። ወደ ሰርቪሱ ተመለስልን፣ በድለናል አሉህ። አንተ እጅህን በጨርቅ እየጠረግክ ያልከውን ጋሽ በቀለ ተመልሶ ነገረን። እኔን ከመለመናችሁ በፊት ጣቢያ ያለውን ጀትን ጠይቁት፤ ንካው ያላችሁት እናንተ ናችሁ፣ የታሰረው እሱ ነው፤ እስከ ዛሬ ምሳ የማደርስለት እኔ ብቻ ነኝ አልክ። በእኛ ፊርማ ቦታህን ለወሰደብህ ሰው በየቀኑ ምሳ እያደረስክለት እንደነበር ማንኛችንም አናውቅም ነበር።

በማግስቱ ሠላሳ ሰው ምሳ እቃውን ይዞ ጣቢያው በር ላይ ተሰለፈ። ፖሊሱ ሠርግ አለ እንዴ ብሎ ጠየቀን። ሆስፒታል ተኝታ የነበረችው ዘይነብ እንኳን በእናቷ እጅ ልካለት ነበር። ከዚያም ተራ በተራ ገብተን ቃላችንን ሰጠን፤ እኔ ንካው ያልኩት እኔ መሆኔን፣ የጠበቀውም እኔን መሆኑን ተናገርኩ። የእሱ ጥፋት የእሱ ነው፤ መሪው በእሱ እጅ ነበር። የእኛ ድርሻ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ በወረቀት ላይ ሰፈረ። ተፈትቶ ሌላ ቦታ ሥራ እስኪያገኝ ድረስ ሳትጠይቀው የዋልክበትን ቀን አላስታውስም። መንገድ ላይ የሚደረግ ነገር ሁሉ የሾፌሩ ብቻ አለመሆኑን፣ ከኋላው የተቀመጠውም እንዳለበት ያስተማርከኝ ያኔ ነው፤ ያውም ሳንተዋወቅ።

ወደ ሰርቪሱ ስትመለስ አንድ ቃል ብቻ ነበር ያስያዝከን። ሩብ ሰዓት ቀድሜ እነሳለሁ፣ ማንንም አልጠብቅም። በመጀመሪያው ቀን ማንን ጥለህ ሄድክ? እኔን! ፌርማታው ሃያ እርምጃ ሲቀረኝ በስፖኪዮ አይተኸኝ፣ በደንብ አይተኸኝ፣ ቀስ ብለህ ሄድክ። ያቺ መኪና በአንተ እጅ ከዚያ ቀን በቀር ፈጥና አታውቅም ብዬ እስከ ዛሬ እምላለሁ። በቀይ ፈረምኩ። በማግስቱ በንዴት ግማሽ ሰዓት ቀድሜ ወጥቼ ስጠብቅህ፣ አንተም ለካ ቀድመህ መጥተህ ሞተሩን አጥፍተህ ቆመሃል። ዘይነብ አልነበረችም፣ ማንም አልነበረም። ስለ ዝናቡ አወራን። በሳምንቱ ስለ ሌላ ነገር አወራን። ከዓመት በኋላ ያው ጋሽ በቀለ ያንኑ ጋቢ አጣፍቶ ላንቻ አባቴ ቤት መጣ። አባቴ ልጁ ጠባዩ እንዴት ነው ብሎ ሲጠይቀው ቀስ ብሎ ነው የሚነዳው ብሎ መለሰ። አባቴም እሱ ይበቃኛል አለ።

እውነትም በቃኝ ታዴ። ሃያ ዓመት በቃኝ፣ ተረፈኝም።

ሄኖክ አሥራ ስምንት ሲሞላው መንዳት አስተምረኝ ሲልህ ያደረግከውን ታስታውሳለህ? መኪናዋን ሳታስነካው መጀመሪያ የሰርቪሱን መንገድ በእግሩ አስኬድከው። ከጎተራ ቡልጋሪያ፣ ከቡልጋሪያ ላንቻ፣ ከላንቻ ካዛንቺስ፤ ሁለታችሁ፣ አንድ ቅዳሜ ሙሉ። ማሳለጫው ስር እግረኛ በየት እንደሚሻገር፣ ጋራዦቹ ጋ ልጆች ከየት ብቅ እንደሚሉ፣ የት ቤት ዓይነ ስውር እንዳለ አሳየኸው። መንገድን በእግሩ የማያውቅ በጎማ አይሂድበት ትል ነበር። ልጁ እግሩ ውሃ ቋጥሮ ገብቶ አባዬ መንጃ ፈቃድ ነው ወይስ ንግሥ ነው የሚያወጣኝ ብሎ አስቆን ነበር። ከዚያማ ጎበዝ ነጂ ሆነ። ግን ወጣት ነው፤ አንተ በሌለህበት እግሩ ከበድ እንደሚል የሰፈሩ ሰው ይነግረኝ ነበር፤ ላንተ አልነገርኩህም።

አሁን ወደዚያች ጠዋት ልሂድ። ቁርስ እየበላን ኩባያው ከግራ እጅህ ወደቀ። ልታነሳው ፈለግክ፣ እጅህ አልታዘዝ አለህ። ምን ሆንክ ስልህ ምላስህ ተሳሰረ። ሄኖክ ተሸክሞ መኪናዋ ውስጥ አስገባህ፤ እኔ ከኋላ ሆኜ ራስህን ደረቴ ላይ ያዝኩ። ክላክሱን እያስጮኸ ወደ ሆስፒታል ወጣ። እንዲያ ሲነዳ አይቼው አላውቅም። በስተቀኝ ይቀድማል፣ በስተግራ ይቀድማል፣ ቀይ መብራት ጥሶ አለፈ። እኔም፣ ወይ እኔ፣ ንካው ልጄ እያልኩ ነበር። ከሃያ አንድ ዓመት በኋላ ያው ቃል ከዚያው አፍ ወጣ።

ያን ጊዜ ነው ቀኝ እጅህን ያነሳኸው። ከየት ጉልበት እንዳገኘህ አላውቅም። ትከሻው ላይ አኖርክና «ቀስ በል» አልከው። አልሰማ ሲልህ ደገምክለት፤ «ቀስ በል ልጄ፤ መንገዱ ላይ ሰው አለ።» ቃሉ ጠማማ ነበር፣ ግን ሰማነው። ሄኖክ እያለቀሰ አባዬ አንተ እኮ ነህ የቸኮልክብን አለ። ግን ታዘዘህ፤ እግሩን አነሳ። ትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ያለው ዜብራ ጋ ስንደርስ ከቆመ ሚኒባስ ፊት አንዲት ሴት ልጅ ሮጣ ወጣች። ስምንት ወይም ዘጠኝ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ቀይ ሹራብ፣ ከጀርባዋ ቦርሳ። መኪናዋ ቆመች። ልጅቷ ሁለት እጇን ኮፈኑ ላይ አሳረፈች፤ ያን ያህል ነበር የቀረን። ምሳ እቃዋ ወድቆ ተንከባለለ። ጎንበስ ብላ አነሳችው፣ አንድ ጊዜ አየችንና ሮጣ ተሻገረች። ከኋላዋ ሌሎች ልጆች ተከተሉ፤ እስኪያልፉ ቆምን።

አንተ ከሰዓት በኋላ አረፍክ።

ሐኪሙ ያቺ ደቂቃ ለውጥ አታመጣም ነበር፣ ጉዳቱ ከባድ ነው አለን። ሄኖክ ለማጽናናት ነው ብሎ አልተቀበለውም። እኔም እውነቱን ልንገርህ፣ እርግጡን አላውቅም። ለቅሶ ቤት ደግሞ የማይባል የለም። አንዷ ትንሽ ፈጠን ብሎ ደርሶ ቢሆን ኖሮ አለች፤ ክፉ አስባ አይደለም፣ ወሬ ለመሙላት ነው። ልጁ ግን እዚያ ነበር፣ ሰማት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በልቡ አባቴን ቀስ ብዬ ገደልኩት ይል ነበር። በአፉ አልተናገረውም፤ እኔ እናቱ ነኝ፣ መኪናዋን ሸራ ሲያለብሳት አየሁት። እኔም ለማጽናናት ሞክሬ አላውቅም። ምክንያቱም አንዳንድ ቀን እኔም ምናለ ልጁ ባልሰማህ ኖሮ እል ነበር። ይቅር በለኝ ታዴ። አንተን ፈልጌ ነው።

ወረቀቱን ያገኘሁ ቀን ሄኖክን ጠራሁት። ተቀመጥ አልኩትና አነበብኩለት። አባቱ በዝግታው ምክንያት ፊርማ ተሰብስቦበት እንደተባረረ፣ ያባረረችውም እናቱ እንደሆነች ሲሰማ ሳቀ። ሰባት ዓመት ስምህ ሲነሳ የሚጠቁረው ፊቱ ሳቀ! እማዬ አንቺ ነሽ፣ ሙት በይኝ አለ። ከዚያ የቀረውን ነገርኩት። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ዘይነብ እግር፣ ስለ ጣቢያው በር። ዘይነብ ለምን እንደምታነክስ ጠይቆ አያውቅም፤ እንዲያው አብሯት የተወለደ ይመስለው ነበር። በዚያች ጠዋትም ከኋላ ሆኜ ንካው ያልኩት እኔ እንደነበርኩ አስታወስኩት። ሳቁ ጠፋ።

ከዚያ አንድ ነገር ጠየቅሁት። አባትህ ትከሻህን ከመንካቱ በፊት ስንት ላይ ነበርክ አልኩት። ሰማንያ አለ፤ ከሰማንያም በላይ ሳይሆን አይቀርም አለ። ልጁ መሬት መሬት ሲያይ ቆይቶ ልጅቷስ አለ። ሰባት ዓመት ሙሉ ያቺን ዜብራ የሚያስባት አንተን እንዳዘገየች ቦታ ነበር። የቀይ ሹራቧን ልጅ በዓይኑ አይቶ በልቡ አላያትም። እኔም አላየኋትም። ለካ ሁለታችንም ያጣነውን ስናሰላ የተረፈውን አላየንም።

ያኔ ያለቀሰውን ለቅሶ በቀብርህ ቀን አላለቀሰም ታዴ። ማርታ ደንግጣ ከጓዳ ወጣች። ተይው አልኳት።

በሳምንቱ ከቡልጋሪያ መካኒክ ይዞ መጣ። ሸራውን ገፈፈ፣ ድመቷን ከነልጆቿ ወደ ማድ ቤት አዛወራት፣ ባትሪና ጎማ ተቀየረ። ለተዝካርህ ቂርቆስ ያደረሰኝ እሱ ነው። ጋቢና ተቀመጥኩ። መሪውን ሁለት ጊዜ ጨብጦ ለቀቀው፤ አላየሁም ብዬ በመስኮት ወደ ውጭ ተመለከትኩ። ዘይነብን ልንወስድ ስንሄድ ጎተራ ላይ ከኋላችን አንዱ ክላክሱን አስጮኸብን፤ በመስኮት ወጥቶ ቀብር ነው እንዴ የምትሸኙት አለን። እኔና ዘይነብ ተያይተን ሳቅን። ሄኖክ ምን ያስቃችኋል አለ። አባትህን ይመስለኛል የጠራው አልኩት።

እንግዲህ ልልህ የፈለግኩት ይኸው ነው። ስለ ሃያ ዓመቱ አመሰግንሃለሁ። ስለ ወረቀቱ ዝምታህ አመሰግንሃለሁ። ለጀት ስላደረስክለት ምሳ፣ ላንቻ ጥለኸኝ ስለሄድክባት ጠዋት እንኳን ሳይቀር አመሰግንሃለሁ። ከሁሉም በላይ ግን ስለ መጨረሻዋ ቃልህ። አንተ ልትሞት እየሄድክ ነበር፤ ለመቸኮል ከአንተ የተሻለ ምክንያት የነበረው ሰው በዚያ መንገድ ላይ አልነበረም። እኛ አንተን ብቻ ስናይ አንተ መንገዱን አየህ። ያቺን ልጅ ለእናቷ አተረፍክላት፤ ልጃችንንም የሰው ነፍስ በእጁ ይዞ ከመኖር አተረፍከው። አሁን አባት ሊሆን ነው። በንጹሕ እጁ ልጁን ያቅፋል።

ቃል እገባልሃለሁ፤ ይህን ለሚወለደው ልጅ እኔው ራሴ እነግረዋለሁ። መንገዱን በእግሩ ሳያውቅ መሪ ላያስጨብጠው ሄኖክ ምሏል። ወረቀቱንም ወደ ሳጥኑ አልመለስኩትም፤ መስታወት ውስጥ አስገብቼ ከፎቶግራፍህ ጎን ሰቅዬዋለሁ። የሚመጣ ሰው ሁሉ ያንብበው፣ የመጀመሪያዋ ፊርማ የማን እንደሆነችም ይጠይቀኝ።

ትናንት ጠዋት ሄኖክ ወደ ሥራ ሲሄድ አብሬው ወጣሁ። ያቺ ዜብራ ጋ ስንደርስ ቆመ። ተማሪዎች ይሻገሩ ነበር፤ ትንንሾቹ በሩጫ፣ ከኋላቸው አሥራ አምስት አሥራ ስድስት የሚሆናቸው ሴቶች ተቃቅፈው፣ እየሳቁ፣ መንገዱ የእነሱ እንደሆነ ሁሉ ቀስ ብለው። ያቺ ልጅ አሁን የእነሱ እኩያ ናት። ከመካከላቸው ትኑር አትኑር አላውቅም፤ ፊቷን ባየውም አልለየውም። እሷም ስምህን አታውቅም፣ አንተ የምትባል ሰው እንደነበርክም አታውቅም። አንዳቸውም ወደ እኛ ዞረው አላዩም። ሄኖክ ፍሬኑን እንደያዘ ነበር፣ ከኋላ ክላክስ ይጮኻል። እኛ ግን ሩብ ሰዓት ቀድመን ነበር የወጣነው። የመጨረሻዋ ልጅ ተሻግራ እስክትጨርስ ቆመን ጠበቅናት።

ሁልጊዜም ያንተው፣
ወይንሸት